ቀንድ አውጣ ማጥናት ለፈለግሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎንደር ባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ነሽ፣ ጥልቅ ባህር ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ ዛጎሉን ሲያፀዳ በቪዲዮ አይተሽ ልብሽ እዛው ቀረ፣ ቤተሰብ ደግሞ ባህር በሌለበት አገር ይሄ ምን እንጀራ ይሆንሻል፣ ወደ ጤና ቀይሪ አለሽ። እኔ አትቀይሪ ባይ ነኝ።

ያየሽው ነገር ትልቅ ጥያቄ ነው። ዛጎል ላይ አልጌና ሌላ ሌላውም ይለጠፋል፣ ሲበዛ ለእንስሳው ሸክም ነው። በአውሮፓ አትላንቲክ ዳርቻ ያለው ካሊዮስቶማ የሚባለው ቀንድ አውጣ እግሩን ዘርግቶ ዛጎሉን ይወለውላል፣ ልጋጉን ይቀባበታል፣ ከዛ ልጋጉ የያዘውን ይበላዋል፣ ማለት ፅዳቱ ምግብም ሆነለት። ይሄን ማወቅ የተቻለው ግን ዳርቻ ድረስ ስለሚገኝና አኳሪየም ውስጥ ቁጭ ብሎ ማየት ስለሚቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ካይሬ የሚባል ፍል ውሃ ላይ፣ ወደ 2,400 ሜትር ጥልቀት የተገኘውን እግሩ የብረት ቅርፊት የለበሰውን ቀንድ አውጣ እንደዛ ልታይው አትችይም፣ ተመራማሪዎቹን ይዛ የምትወርደው ሰርጓጅ መርከብ ታች የምትቆየው ጥቂት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ዋናው ሙያ ታግሶ ማየትና መመዝገብ ነው፣ እሱን ደግሞ እዛው ጣና ዳር መጀመር ትችያለሽ። ለመመረቂያ ፕሮጀክትሽ የሐይቅ ቀንድ አውጣ በመስታወት ዕቃ አስቀምጪ፣ የግማሾቹን ዛጎል አፅጂ፣ የግማሾቹን አልጌ እንደያዘ ተዪው፣ ከዛ በሰዓት ስንቴ ራሱን እንደሚነካ፣ ጓደኛው ዛጎሉን ይግጥለት እንደሆነ ቁጠሪ። ግን በባዶ እጅ በፍፁም እንዳትነኪ! ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው፣ ያሉበት ውሃ ራሱ ቆዳ በስቶ የሚገባ እጭ ይኖረዋል፣ ረጅም ጓንትና ቦቲ ያስፈልግሻል፣ ከዲፓርትመንትሽ የፓራሳይቶሎጂ መምህር ጋር ሆነሽ ብቻ ስሪ።

ለቤተሰብሽ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶ/ር አክሊሉ ለማ ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ፣ ለምን ብለው ተከታተሉት፣ በእንዶድ ቢልሃርዚያን የመከላከል ምርምር ከዛ ተነሳ። ቀንድ አውጣ ማወቅ እኛ አገር የጤና ስራ ነው፣ ባህሩ ቢዘገይ እንኳን ስራ አታጪም።

ስኮላርሺፕን በተመለከተ አዲስ አበባ ያለው የጃፓን ኤምባሲ የሚያስተናግደውን የጃፓን መንግስት ስኮላርሺፕ ሜክስት (MEXT)፣ ከአውሮፓ ደግሞ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረውን የባህር ባዮሎጂ ማስተርስ ኢምባርሲን (IMBRSea) ተከታተዪ። ለፕሮፌሰር ስትፅፊ ባህር እወዳለሁ ብለሽ አትጀምሪ፣ የቆጠርሽውን ሰንጠረዥ አያይዢና ያልገባሽን አንድ ነገር ጠይቂው።