የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ግብሩ ከዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል ወይ?

ጥያቄ፦ በወሎ በምትገኝ አንዲት ከተማ አነስተኛ ሱቅ አለኝ፤ ግብሬንም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ እከፍላለሁ። ነገር ግን ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ሱቃችን ድረስ ይዘልቃል፤ በዙሪያችን ያሉት ቀበሌዎች ደግሞ ዝናብ ሲጠፋ ዕርዳታ ይጠብቃሉ። መንግሥት ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚውል ልዩ ግብር ቢጥል መፍትሔ አይሆንም ወይ?

መልስ፦ ልዩ ግብር መጣል ይቻላል፤ ያደረጉትም አገሮች አሉ። ይሁን እንጂ እርስዎ የገለጹት ችግር ከገንዘብ ማነስ ባልተናነሰ ገንዘቡ ሥራ ላይ ከሚውልበት ጊዜ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከግብሩ አስቀድሞ በጀቱን መመልከት ይገባል።

የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ መጠረግ ያለበት ግን በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ በዚያ ወቅት የዓመቱ በጀት ወይ ተሟጦ አልቋል፣ ወይ በግዥ ሂደት ተይዟል። አዲሱ በጀት በሚለቀቅበት ጊዜ ቦዩ በደለልና በፕላስቲክ ተደፍኖ ውኃው አስፋልቱን መንገድ አድርጎታል። ጨረታ ወጥቶ፣ አሸናፊው ተለይቶ፣ ውል እስኪፈረም መስከረም ይጠባል፤ ያን ጊዜ የሚጠረገው ቦይ የሚቀጥለውን ዓመት ደለል ለመቀበል ተሰናዳ ከማለት በቀር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የጥገና ሥራ በማዕቀፍ ስምምነት (ሠሪውና ዋጋው አስቀድሞ ተለይቶ፣ ሥራው በሚያስፈልግ ጊዜ በሚታዘዝበት ውል) ቀደም ብሎ ውል ቢገባለትና ገንዘቡ እስከ በልግ መጨረሻ ሳይነካ ቢቆይ፣ አንድም አዲስ ግብር ሳይጣል ብዙ ጉዳት ማስቀረት ይቻላል። ጥገና ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ ባለመሆኑ በበጀት ክርክር ላይ ጠበቃ አያገኝም።

ዘግይቶ የሚወጣ ገንዘብ ምን እንደሚያስከፍል ድሬዳዋ አይታዋለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ገንዘቡ የወጣው ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

ድርቅን በተመለከተ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተነሣው ይህንኑ የጊዜ ችግር ለመፍታት ነው። የዕርዳታ ጥሪ እስኪተላለፍ ከመጠበቅ ይልቅ፣ የምግብ ክፍተታቸው የታወቀ ቤተሰቦች በየዓመቱ አስቀድሞ የተወሰነ ክፍያ በገንዘብ ወይም በእህል እንዲያገኙ፣ ጉልበት ያላቸውም በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ እርከን እንዲሠሩ፣ ኩሬ እንዲቆፍሩና የገጠር መንገድ እንዲጠርጉ ያደርጋል፤ አረጋውያንና ሌሎች መሥራት የማይችሉ ሰዎች ያለ ሥራ ይደገፋሉ። ክፍያው መጋቢት ላይ ከደረሰ አባወራው ፍየሉን ሳይሸጥ ዘር ይገዛበታል። ሐምሌ ላይ ከደረሰ ግን ፍየሏ አስቀድማ በርካሽ ተሸጣለች፤ ያው ብር የአራጣ ዕዳ መክፈያ ይሆናል። የፕሮግራሙ ትልቁ ድክመት ወጪው በአብዛኛው በውጭ ለጋሾች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው፤ ለጋሹ ፊቱን ሲያዞር የክፍያው ቀንም አብሮ ይናጋል። በእኔ አስተያየት የአገር ውስጥ ግብር ለአየር ንብረት ጉዳይ ይመደብ ከተባለ ቀዳሚው ቦታ ይህ ነው።

ወደ ልዩ ግብሩ ስንመለስ፣ ኮስታሪካ ከነዳጅ ግብር ገቢዋ 3.5 በመቶውን ደናቸውን ለሚጠብቁ ባለይዞታዎች ትከፍላለች። የኬንያዋ ማኩዌኒ ካውንቲ ደግሞ አዲስ ግብር ሳትጥል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ደንብ ከልማት በጀቷ 1 በመቶውን ለአየር ንብረት ለይታ፣ ገንዘቡ የውኃ ግድብ ይሠራበት ወይስ ጉድጓድ ይቆፈርበት የሚለውን የአካባቢው ኮሚቴዎች እንዲመርጡ አድርጋለች። ለእኛ የሚቀርበው የማኩዌኒ መንገድ ይመስለኛል። ልዩ ተብሎ የተሰበሰበ ግብር ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ከገባ በኋላ የእርስዎን ቦይ መልሶ ማግኘቱ ያጠራጥራል፤ ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ፣ በ2017 ዓ.ም. ሕግ ከወጣለት የንብረት ታክስ ጭምር፣ የተወሰነ እጅ ለፍሳሽና ለጎርፍ መከላከያ በሕግ ደንብ ቢታሰር ግን ነዋሪው ሊከታተለው ይችላል። የከተማው በጀት በሰሌዳ ሲለጠፍ «ጥገና» የሚለውን መስመር ፈልገው፣ ገንዘቡ በየትኛው ወር እንደሚለቀቅ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የነዳጅ ድጎማ መነሣቱ ለአየር ንብረት ይበጃል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ያየሁት ግን የታክሲ ታሪፍ መጨመሩን ብቻ ነው። የትኛው ነው እውነቱ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። አጠቃላይ የነዳጅ ድጎማ ብዙ ነዳጅ ለሚያቃጥል ሰው ብዙ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ባለ ትልቅ መኪናው ከታክሲ ተሳፋሪው የበለጠ ይጠቀምበት ነበር። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው በደረጃ ሲነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር በኩል የተለየ ድጎማ የተደረገውም ይህ ስለታወቀ ነው። ሆኖም ድጎማ ማንሣት በራሱ ማንንም ከድርቅም ሆነ ከጎርፍ አያድንም፤ የተረፈው ገንዘብ የት እንደዋለ በበጀት ሰነዱ ላይ ካልታየ የርስዎ ቅሬታ ተገቢ ነው። ቀረጥ በማንሣት የሚደረግ ድጋፍም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በ2011 ዓ.ም. ለመስኖና ለእርሻ መሣሪያዎች የተፈቀደው ከቀረጥ ነፃ መብት የውኃ ፓምፕ ዋጋን የሚያቃልለው መግዣውን ለያዘ ሰው ነው፤ ግማሽ ሄክታር ለሚያርሰው ገበሬ ከቀረጡ መነሣት ጋር የብድር አቅርቦት ካልተከተለ ፓምፑ ከነጋዴው መጋዘን አይወጣም።