የቁርጥራጭ ብርድ ልብስ በቤት ውስጥ መስፋት፤ ጥያቄና መልስ

ከጨርቅ ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ስለመስፋት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ለዚህ ሥራ አዲስ ጨርቅ አትግዙ። ልብስ ሰፊው ማታ ማታ ጠርጎ የሚጥለው ቁርጥራጭና ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የተረሳው ጋቢ ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከየት ልጀምር? ስንት ካሬ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ከልጅ ብርድ ልብስ ጀምሪ። ካሬውን 16.5 በ16.5 ሴንቲ ሜትር ቁረጪ። በየጎኑ 7.5 ሚሊ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 15 ሴንቲ ይቀርሻል። ወደ ጎን 6፣ ወደ ታች 7 ስትደረድሪ 42 ካሬ ሆኖ 90 በ105 ሴንቲ ይወጣዋል። ለአንድ ሰው አልጋ 10 በ14 አድርጊው፤ 140 ካሬ ነው፣ 150 በ210 ይሆናል። መለኪያውን ከወፍራም ካርቶን አውጥተሽ በሳሙና ስባሪ አስምሪ። ስትቆርጪ የጨርቁን ድርና ማግ ተከተይ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ካሬ መኪናው ሥር ይለጠጥብሻል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም በአንድ መለኪያ ነው የቆረጥኩት፤ ሲገጣጠሙ ግን ረድፎቹ እኩል አልመጡም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ችግሩ ስፌቱ ላይ ነው። በአንድ ጎን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍተሽ ብትሰፊ ካሬው በሁለት ጎኑ 4 ሚሊ ያጣል፤ 10 ካሬ ያለው ረድፍ ደግሞ 4 ሴንቲ ያጥራል። ከመርፌው 7.5 ሚሊ ርቀት ላይ የመኪናውን ብረት ፕላስተር ለጥፊበትና የጨርቁን ጠርዝ እሱን እያስነካሽ ስፊ። ከዚያ ተኩስ! ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ለእኔ ግን የሥራው ግማሽ ይኸው ነው። የአንዱን ረድፍ ስፌቶች ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለውን ወደ ግራ አስተኝተሽ ተኩሺ። ሁለቱ ረድፎች ሲገናኙ እጥፋቶቹ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ማዕዘኖቹ ይገጥማሉ። ካውያውን ጫን አድርገሽ አንሺው፤ ጨርቁን አትጎትቺበት።

ጥያቄ፦ ጂንስም፣ ፖፕሊንም፣ የሹራብ ጨርቅም አለኝ። መቀላቀል እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም። ጠንካራው ደካማውን ስፌቱ ላይ ይቀደዋል፤ የሚለጠጠው ደግሞ መስመሩን ያጣምመዋል። ጂንስን ከጂንስ፣ ፖፕሊንን ከፖፕሊን ጋር ስፊ። ከልባሽ ጨርቅ ተራ የሚገኙ የጥጥ ሸሚዞች ለዚህ ግሩም ናቸው። ጥጥ መሆኑን ካላወቅሽ ከጫፉ አንድ ክር መዝዘሽ፣ ውኃ ያለበት ሳሕን ላይ ይዘሽ አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ለስላሳ ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ድብልብል ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቀዩ ጨርቅ ነጩን እንዳያበላሽብኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ሳትቆርጪው ከነጭ ብጣሽ ጨርቅ ጋር ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ብጣሹ ቀለም ከያዘ ውኃው እስኪጠራ ደጋግመሽ እጠቢ። አሁንም ከለቀቀ ተዪው፤ በጨውና በኮምጣጤ ይስተካከላል የሚባለውን አትመኚው።

ጥያቄ፦ በላዩና በገበሩ መካከል ምን ይገባል?

መልስ፦ ያረጀ ጋቢ። ጋቢ አራት ድርብ የጥጥ ሸማ ስለሆነ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል፣ ሲታጠብም ተጠቅልሎ አንድ ጥግ አይከማችም። የተፈለቀቀ ጥጥ ከጨመርሽ ግን እንዳይሸሽ በየ5 ሴንቲው መስፋት ግድ ነው። በጋቢ ሲሆን መስመሮቹን 15 ሴንቲ ብታራርቂያቸውም ይይዛል። የሳሳውን ቦታ በሌላ ብጣሽ ደርቢው፤ ከመስፋትሽም በፊት ለብ ባለ ውኃ እጠቢው፣ የሚሸበሸበው እዚያው ይሸብሸብ። ክብደቱን ካልወደድሽው ያረጀ ስስ ብርድ ልብስም ይሆናል።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። ለወንድ ልጅስ በእጅ የሚሆን ዘዴ አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አገራችን ልብስ ሰፊዎቿ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ በርታ። በሕንድ ካርናታካ ሲዲ የሚባሉ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። ወደ ሕንድ ከተጋዙት ቀደምቶቻቸው መካከል ከሐበሻ ምድር የሄዱም ነበሩ። ሴቶቻቸው ካዋንዲ የሚባል ብርድ ልብስ ይሰፋሉ፤ ያለ መኪና ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። መጀመሪያ ገበሩን ይዘረጋሉ። እነሱ ያረጀ ሳሪ ያደርጋሉ፣ አንተ አሮጌ አንሶላ ብታደርግ ይሆናል። ከጠርዝ ይጀምሩና የገበሩንም የቁርጥራጩንም ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው በመርፌ ቀጥ ባለ መስመር ይጠቅሙታል። ቀጣዩን ቁርጥራጭ የፊተኛውን ጫፍ እንዲሸፍን አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ዙሪያውን እየዞሩ ወደ መሐል ይገባሉ። መገጣጠሙና ከገበር ጋር መያያዙ በአንድ ስፌት ያልቃል፣ ለጠርዙም ሌላ ሥራ አይተርፍም። አራቱ ማዕዘን ላይ ደግሞ ፉላ የሚሉትን፣ አበባ ማለት ነው፣ ከታጠፈ ጨርቅ ሠርተው ያክሉበታል።

ጥያቄ፦ ሦስቱን ድርብ በመኪና ስሰፋው ላዩ ይጨማደዳል። ያለኝ የድሮ ሲንጀር ነው።

መልስ፦ ለቀጥታ ስፌት ሲንጀርሽ በቂ ነው። የሚጨማደደው ላዩ እየተገፋ ገበሩ ወደ ኋላ ስለሚሳብ ነው። ገበሩን ወለል ላይ ወጥረሽ ጠርዙን በፕላስተር ያዢ፤ ጋቢውንና ላዩን አንጥፊበትና በየ10 ሴንቲው መርፌ ቁልፍ ውጊ። የመኪናውን እግር ጫና ቀነስ አድርጊ፣ የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ሚሊ አሳድጊ፣ 16 ቁጥር መርፌ አስገቢ። ሁልጊዜ ከመሐል ወደ ዳር ስፊ። ጋቢው ወፍሮ መኪናው እምቢ ካለሽ አትታገዪው፤ ካሬዎቹ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በወፍራም ክር ሦስቱንም ወግተሽ ጠበቅ አድርገሽ ቋጥሪ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። የእናቴን ያረጁ ቀሚሶች ለልጆቼ እንዲህ አድርጌ ላቆይላቸው እፈልጋለሁ። ጥበቡ ይያዛል?

መልስ፦ ይያዛል፣ ደግሞም አሳቡ ልቤን ነክቶታል። ሸማው ሳሳ ያለ ስለሆነ ብቻውን አይችልም፤ እያንዳንዱን ካሬ ከጀርባው በስስ ፖፕሊን ደርቢውና ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ስፊ። የሚያብለጨልጭ ክር ያለው ጥበብ ላይ ካውያ በቀጥታ አይረፍ፤ ገልብጠሽ፣ ጨርቅ አልብሰሽ ተኩሺው። ጥበቡን ሳትበታትኚ ረጅም አድርገሽ መሐል ላይ ብታውዪው ቀሚሱ የማን እንደነበር ልጆችሽ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ድሪቶ አልለብስም» አለ። የግድ ንድፍ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ቀለሙን አስቢበት እንጂ ንድፍ ግዴታ አይደለም። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ በሚባል መንደር ጥቁር ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ እንደ ልባቸው እየቀጠሉ ሲሰፉ ኖረዋል። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሥራቸው በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታየ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አወጣው። አንቺም ካሬዎቹን ወለል ላይ ደርድረሽ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪ። ደማቁና ፈዛዛው ተሰባጥሮ ከታየሽ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ከጠቆረ አቀያይሪ።

ጥያቄ፦ ጠርዙስ?

መልስ፦ ገበሩን በየዙሪያው 4 ሴንቲ አስተርፊ፤ ሁለቴ አጥፈሽ ወደ ላይ አምጪና ቀምቅሚው።

ጥያቄ፦ እንዴት ይታጠባል?

መልስ፦ በቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ሳሙና። ጋቢ ያለበት ውኃ ሲጠጣ በጣም ይከብዳል፤ ጠምዝዘሽ አትጭመቂው፣ በአንድ ጠርዙም አትስቀዪው፣ ስፌቱ ይላቀቃል። ሁለት ገመድ ላይ ዘርጊውና ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል።