ሽንኩርቱ በደጃችን እያለፈ ለምን ይወደድብናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከጎንደር ፒያሳ ለቅቄ አዘዞ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጣሁት ኪራዩ ቀለል ስለሚል ነበር። አሁን ግን ከኪራዩ ያተረፍኩትን አስቤዛው እየበላብኝ ነው። ሽንኩርቱም ዘይቱም ስኳሩም ከከተማው ቅዳሜ ገበያ ይወደዳል። ደግሞ ከፎገራ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ እኮ በእኛ በኩል ነው ወደ ጎንደር የሚገባው! ታዲያ ለምን ከከተማው ሰው በላይ እንከፍላለን? በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ልውጣ ወይ? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። እኔም አዘዞ ኖሬ አይቼዋለሁና ነገሩ ያንገበግበኛል። መኪናው በደጅሽ ያልፋል እንጂ አያራግፍም። ያን ሁሉ ጭነት ባንዴ የሚረከበው ጅምላ ነጋዴ ያለው ከተማ ነው። የሰፈርሽ የጉልት ነጋዴ እዚያ ወጥታ አንድ ሁለት ጆንያ ትገዛለች፣ ለጫኝ ለአውራጅ ትከፍላለች፣ ለመኪና ትከፍላለች፣ ያንኑ 12 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መልሳ ታመጣዋለች። ከውስጡ የበሰበሰውም በእሷው ኪሳራ ነው። እሷን አትቀየሚያት።

መደቡን ግን ልብ በዪ። ባለፈው ሳምንት አንድ መደብ ሽንኩርት ገዛሁና አጠገቡ ያለ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ስድስት ራስ ነው፣ ሁለቱ ጥቃቅን። ግማሽ ኪሎ እንኳን አልሞላም! ስትከፍዪው ትንሽ ይመስላል፣ በኪሎ ስታስቢው ግን ያስደነግጣል። በሃይላንድ እየተቀነሰ የሚሸጠው ዘይትም ከባለ 5 ሊትሩ ጋር ሲተያይ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከሰፈሩ ይልቅ ኪስ የሚጎዳው በትንሽ በትንሹ መግዛቱ ነው።

በየሳምንቱ ብቻሽን አትውጪ። እንበልና ልዩነቱ በኪሎ 10 ብር፣ ደርሶ መልሱ 60 ብር ቢሆን፣ 6 ኪሎ ገዝተሽ ብትመለሺ ምንም አላተረፍሽም፤ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ 20 ኪሎ ብትገዙ ግን 140 ብር ይቀራል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተራ ግቡ፣ አንዷ ለሁሉም ትግዛ።

ለጤፍ ግን በጭራሽ ከተማ እንዳትወጪ። እህሉ የሚመጣበት የደምቢያ መንገድ የሚገነጠለው እዚያው አዘዞ ነው። እህል ከአውድማ በሚገባበት በጥርና በየካቲት፣ በገበያ ቀን በጠዋት ወጥተሽ ከገበሬው እጅ ግዢ። ኩንታል ከከበደሽ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት።

የሰፈርሽን ባለሱቅም ጨርሰሽ አትተዪው። ደመወዝ ሳይደርስ ዱቤ የሚሰጥሽ እሱ ነው፣ ከተማ ያለው አያውቅሽም።

ደግሞ ክረምት ላይ ሽንኩርት አታብዢ። እርጥቡ በጆንያ ታስሮ ከዋለ ካደረ ቶሎ ይሸታል። ከገዛሽም የዚያኑ ዕለት ፈትተሽ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ በትኚው።