«ፀጉሩ ዊግ መሰለብኝ» ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። በፎቶሾፕ የሣልከውን የእህትህን ሥዕል በስልኬም በኮምፒውተሬም ከፍቼ አየሁት። ፊቷ ቆንጆ ወጥቶልሃል፣ በተለይ ከታችኛው ከንፈር ሥር ያለው ጥላ። የመልሷ ዕለት የተሠራችውን ሹሩባ ሦስት ቀን ሙሉ ዘለላ በዘለላ ስትሥል ከርመህ መጨረሻ ላይ ዊግ የደፋች መስላብህ «የትኛውን የፀጉር ብሩሽ ላውርድ?» ብለሃል። እኔ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። የቆየ ፎቶ ማደስና በፎቶሾፕ የሰው ምስል መሥራት እንጀራዬ ነው። አንተን የገጠመህ ነገር እኔን ሁለት ዓመት ስላንገላታኝ ትንሽ ላስረዝም ነው፣ ታገሠኝ።

ብሩሽ፣ ማለትም ፎቶሾፕ ውስጥ የምትሥልበትን መሣሪያ፣ ከኢንተርኔት አታውርድ። ያላወረድኩት የለም። አብዛኞቹ የተሠሩት ለልስልስ ፀጉር ነው፤ አንዴ ስትጎትታቸው ሃያ ትይዩ መሥመር ያወጡና ሹካ ያለፈበት ጭቃ ይመስላል። ተራው ክብ ብሩሽ ይበቃሃል። በብሩሹ ማስተካከያ ሼፕ ዳይናሚክስ የሚለው ውስጥ የመጠኑን መቆጣጠሪያ ፔን ፕሬዠር (የብዕሩ ግፊት) ላይ አድርገው፣ ስፔሲንጉን (በብሩሹ ነጥቦች መሐል ያለውን ርቀት) ከ25 ወደ 5 በመቶ ግድም አውርደው። ፎቶሾፕ ሲሲ 2018 ወይም ከእሱ ወዲህ የወጣ ካለህ ስሙዚንግ የምትባለውን 30 አካባቢ አድርጋት፣ የእጅህን መንቀጥቀጥ ትይዝልሃለች። ስለ ብሩሽ ይኸው ነው።

ችግሩ ያለው ዘለላ በዘለላ መሄድህ ላይ ነው። እስቲ እናስላው። የሰው ራስ ላይ በግምት 100,000 ዘለላ ፀጉር አለ። የአንዷ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ሥዕሉን 30 በ40 ሳንቲ ሜትር አሳትማለሁ ብለሃል፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3543 በ4724 ፒክሰል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ መሆኑ ነው። እዚያ ላይ አንዷ ፒክሰል ወረቀቱ ላይ 0.085 ሚሊሜትር ታህላለች፣ እሷ ብቻዋን የአንዲት ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። የእህትህ ፊት ደግሞ ወረቀቱ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ስለዚህ እውነተኛዋ ዘለላ የምትገባበት ቦታ የለም። ዘለላ ብለህ የሠራሃት ባለ 4 ፒክሰል መሥመር የብዙ ፀጉር ጥቅል ናት፣ ገመድ በላት። ገመድ ስትደረድር ዊግ ይወጣልሃል።

እኔ አሁን ፀጉርን የምጀምረው ጋቢ እንደምሥል ሆኜ ነው። አዲስ ሌየር (በሥዕሉ ላይ የሚነባበር ንጣፍ) እከፍትና በትልቅ ብሩሽ ሙሉውን ቅርጽ በአንድ ጠቆር ባለ ቀለም እሞላለሁ። ከዚያ ዙሙን 25 በመቶ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ብርሃኑ የሚያርፍበትን፣ መካከለኛውንና የሚጨልመውን ብቻ እለያለሁ። እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ብትፈጅ አይቆጭህ። ከሩቅ ሲታይ ፀጉር ካልመሰለ ዘለላ ጨምረህ አታድነውም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ድፍን ጥቁር ተጠቅመሃል፣ ብርሃኑን ደግሞ ነጭ አድርገኸዋል፤ ለዚህ ነው ፌስታል የመሰለው። ለእኛ ለጅማ ልጆች ምሳሌው ቅርብ ነው። እሳት በደንብ የበላውን ቡና እፍኝ አድርገህ መስኮት ጋ ውሰደው። ምጣዱ ላይ ጥቁር ያልከው ፍሬ ጎኑ ቡናማ ነው፣ ዘይቱ ያወዛው ጫፉ ደግሞ የሰማዩን ቀለም ይይዛል። ያንተ ፎቶ ደጅ የተነሣ ስለሆነ ብርሃኑን አመድማ ሰማያዊ አድርገው። ቤት ውስጥ በአምፖል ቢሆን ኖሮ ቀላ ያለ ቡናማ ነበር። የሚያብረቀርቀው ክፍል ደግሞ ፀጉሩን አቋርጦ እንደ መቀነት ይዞራል እንጂ ፀጉሩን ተከትሎ ቁልቁል አይወርድም። ይህን ስቶ ያየሁት ሰው ብዙ ነው፣ እኔንም ጨምሮ።

ዊግ የሚያስመስለው ሌላው ነገር ግንባሩ ነው። ፀጉሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ቆዳው ላይ ጥርት ብሎ ያልቃል፣ ጥላም የለውም። ከፊቱ ሌየር በላይ አንድ ሌየር ከፍተህ በክሊፒንግ ማስክ (ቀለሙ ከፊቱ ውጭ እንዳይወጣ በሚያግደው) ከፊቱ ጋር እሰረው፣ ሞዱን መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጠቁረው) አድርግ፣ ከቆዳው ራሱ በወሰድከው ቡናማ ቀለም በለስላሳ ብሩሽ ጥላውን አሳርፍ። ከዚያ በቆዳውና በፀጉሩ መሐል ባለ ቀለም የግንባሩን ለጋ ፀጉር አጠር አጠር አድርገህ ጣል ጣል አድርግ። ይህን ብቻ ሠርተህ ብታቆም እንኳ ለውጡን ታየዋለህ።

(ታብሌት፣ ማለትም በብዕር የሚሣልበት ሰሌዳ፣ የለኝም፣ በማውዝ ነው የምሠራው ላልከው፦ በፔን ቱል መሥመሩን አውጣና ስትሮክ ፓዝ (መሥመሩን በብሩሹ የሚያስቀባው) ስትል ሲሙሌት ፕሬዠር የሚለውን ምረጥ፤ ጫፍና ጫፉን ያቀጥንልሃል። አድካሚ ቢሆንም ይሠራል።)

አሁን ወደ ሹሩባው። እኔ የተማርኩት በውርደት ነው። አንድ ክረምት ደንበኞች የሟች እናታቸውን ጉርድ ፎቶ ለሙት ዓመቷ አስፍቼ እንድሠራ ሰጡኝ። ርጥበት ገብቶበት ፀጉሯ ያለበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ከኢንተርኔት ቆንጆ ሹሩባ ፈልጌ፣ እሱን እያየሁ፣ እንደ ሐር የሚያበራ ፀጉር ሠራሁላት። በመሐል መብራት ሄዶ የግማሽ ቀን ሥራ በላብኝ። (የፎቶሾፕን ራሱን በራሱ ማስቀመጫ ከ10 ደቂቃ ወደ 5 ያወረድኩት ያን ቀን ነው፣ አንተም አውርደው።) ልጅየዋ መጥታ አየችና «እጅህ ይባረክ፣ ግን ይቺ እናታችን አይደለችም» አለችኝ። ገንዘቡን ልመልስ ብል እንቢ አለች፤ እሱ ባሰብኝ።

በማግሥቱ ሰፈራችን ሹሩባ የሚሠሩ እናት ዘንድ ሄጄ፣ በርጩማ ስበው ሰጡኝና ከሰዓቱን ሙሉ እጃቸውን ሳይ ዋልኩ። ጉንጉኑ ከግንባር ሲነሣ እንደ ክር ቀጭን ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ በየመንገዱ ፀጉር እየተጨመረበት ይወፍራል። እኔ ግን ከግንባር እስከ ማጅራት እኩል ውፍረት ሰጥቼው ነበር፣ ያንተም እንደዚያው ነው። በጉንጉኖቹ መሐል የራስ ቆዳ ይታያል፤ ያ መሥመር በሁለቱም ወገን ጥላ አለበት። እያንዳንዱ ጉንጉን ደግሞ የስንዴ ዛላ የመሰሉ ትናንሽ እብጠቶች አሉት፣ ብርሃኑ እየተቆራረጠ የሚያርፈው እነሱ ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ ብርሃንህን በአንድ ረጅም መሥመር አትጎትተው፤ ነጥብ ነጥብ አድርገው፣ ከብርሃኑ በራቁት ጉንጉኖች ላይ እያደበዘዝክ ሂድ። ማጅራት ላይ ተፈቶ ትከሻዋ ላይ የተነፋው ክፍል እንደ ጎፈሬ ነው የሚሠራው። ውስጡ ጨለማ ይሁን፣ መሐሉ ላይ ምንም መሥመር አታስገባ፣ ጠርዙን ብቻ በጥቃቅን ጥምዝምዝ ጭረቶች አሳሳው። ፀሐይ ከኋላ ስላለች ጠርዙ ወደ ቡናማ ይቅላ።

ዘለላ መጨረሻ ነው። እኔ ለአንድ ምስል ከ40 አላሳልፍም። ግማሾቹ ከቅርጹ ውጭ አፈንግጠው የወጡ፣ አንዳንዶቹ ሌላውን የሚያቋርጡ ይሁኑ።

ያንን ሥዕል ደግሜ ሠርቼ ልጅየዋን ጠራኋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ በጣቷ ሥዕሉን የእናቷ ግራ ጆሮ አካባቢ ነካ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ ትንሽ ሽበት ነበራት» አለች። ሌየሩ ገና አልተዘጋም ነበር፤ ብሩሹን 2 ፒክሰል አድርጌ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ «እዚህ፣ አዎ፣ እዚህም» እያለችኝ፣ ዘጠኝ ነጫጭ ዘለላ አንድ በአንድ ሣልኩ።