የሰፈር በጎ ፈቃድ ሥራ፦ ምዝገባ፣ ስልጠና እና ገንዘብ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። «ሰፈራችሁ ውስጥ ሰው ለመርዳት የምታስቡ ካላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎርፎ መጣ። ብዙ ዓመት የሠራሁት ከእድሮች፣ ከወጣት ማኅበራትና ከትናንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ነው። ደንብ ሲያረቁ፣ ሒሳብ ሲያደራጁ፣ ፕሮፖዛል ሲጽፉ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት «ገንዘብ ከየት ይገኛል?» ብላችሁ ነው። እኔ ግን ገንዘብ አጥተው ከፈረሱት ቡድኖች ይልቅ ገንዘብ ካገኙ በኋላ የፈረሱትን ነው በብዛት ያየሁት። ስለዚህ ደጋግሜ ወደ ደረሰኝና ወደ ቃለ ጉባኤ ብመልሳችሁ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። እድራችን እስከ ዛሬ የሚሰባሰበው ሰው ሲሞት ነው። አሁን በሕይወት ያሉትን አረጋውያን እንርዳ የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ድርጅት ሆነን መመዝገብ የግድ ነው?

መልስ፦ ግድ አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ መተዳደሪያ ደንቡን ማሻሻል ነው። እድሩ ችግር ላይ የወደቁ ሰዎችን እንደሚደግፍ፣ ለዚህም ከመዋጮው ምን ያህል እንደሚመደብ በደንቡ ይግባ። መጠኑ በቁጥር ይጻፍ። ካልተጻፈ አዲስ ሰብሳቢ በተመረጠ ቁጥር ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የቀብሩን ገንዘብ ግን አትንኩ። ሰው በየወሩ የሚከፍለው ክፉ ቀን ሲመጣ እድሬ አለኝ ብሎ ነው። ያ እምነት አንዴ ከተነካ እድሩም አይተርፍም። ለድጋፉ ሥራ ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ።

ሐሳቡ ደግሞ እንግዳ አይደለም። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በሚጨርስበት ዘመን የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር ወደ ቀብር ሲሉ ከርመው፣ «ለምን ሰውየውን በሕይወት እያለ አንረዳውም?» ብለው ቤት ለቤት ሕሙማንን ወደ መንከባከብና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መደገፍ የገቡ ነበሩ። ሥራው ሲሰፋ ከእድሩ ጎን የተመዘገበ የልማት ማኅበር ያቋቋሙም አሉ። እናንተም ከለጋሽ ገንዘብ መጠየቅ ስትጀምሩ ያን መንገድ ያዙ፤ ለጋሽ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሳያይ አይሰጥም።

ከየት እንጀምር ካላችሁ ከማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጀምሩ፤ ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ እየከፈለ የሚታከምበት ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው ወደ ሌሎቹ የተስፋፋው። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ሳይገቡ የሚቀሩ ሁሌም አሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ስብሰባ አልሄዱም፣ ጥሪውንም አልሰሙም። የእድሩ ሰው ግን በራቸውን ያውቀዋል። የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ እነሱን ፈልጎ ማስመዝገብ፣ ካልሆነም የዓመቱን መዋጮ መክፈል፣ ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ሥራ የምትሠራበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ስምንት ወጣቶች ነን። በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት እናድሳለን። አሁን በሕግ እንመዝገብ ወይስ እንቆይ?

መልስ፦ ዓመቱን ሙሉ የምትሠሩት ሥራ ካላችሁ ተመዝገቡ። ክረምት ላይ ብቻ ከሆነ በወረዳው የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ሥር መሥራቱ ይበቃችኋል። ምዝገባ መብት ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታም ይመጣል። ያን የሚሠራ ሰው ከመካከላችሁ አለ? መጀመሪያ እሱን መልሱ።

አለ ካላችሁ፣ ማኅበር ለማቋቋም አምስት መሥራች ይበቃል። የምትሠሩት አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ክልል በላይ ከሆነ፣ የምትሄዱት ወደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። በአንድ ክልል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ክልላችሁ የሚመዘግበውን ቢሮ ጠይቁ። ደንባችሁን ከሌላ ድርጅት ገልብጣችሁ አትሂዱ፤ ስንት ማኅበር አይቻለሁ፣ በደንቡ ላይ ያለውን የቦርድ አባላት ቁጥር እንኳ የማያውቅ።

ጥያቄ፦ ለታመመ የሰፈራችን ልጅ በማኅበራዊ ሚዲያ ገንዘብ እየሰበሰብን ነው። በአንዱ ጓደኛችን ቴሌብር ነው የሚገባው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ዛሬውኑ አቁሙት። ጓደኛችሁ ጨዋ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን የራሱ ደመወዝና የልጁ ገንዘብ አንድ ቦታ ሲቀላቀል፣ ነገ «የት ገባ?» ለሚል ሰው የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። እሱንም ጭምር ነው የምትጠብቁት።

ከላይ ያነሳሁት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ «የበጎ አድራጎት ኮሚቴ» የሚባል አሠራር አለው። አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ተሰባስበው ለበጎ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ፈቃድ የሚጠይቁበት ነው። የልጁን የሕክምና ማስረጃ ይዛችሁ ጠይቁ። በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ፤ ቢያንስ አንዱ ፈራሚ የቤተሰቡ አባል ያልሆነ ሰው ይሁን። ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ገንዘቡ ቢተርፍ ወይም ልጁ (እግዜር አያድርገውና) ሳይታከም ቢያልፍ ቀሪው ምን ይሆናል? ይህን አሁን ጽፋችሁ ለሕዝብ ንገሩ፤ ያኔ ለመወሰን መሞከር ጠብ ነው።

የልጁን ፎቶም አስቡበት። ቱቦ ተሰክቶለት እያለቀሰ የተነሳው ምስል ነገ ድኖ ትምህርት ቤት ሲገባ ይከተለዋል። ያለ እሱ ፊት ማስረዳት ይቻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ፕሮፖዛል ልጻፍላችሁና ከሚገኘው ገንዘብ 10 በመቶ ትሰጡኛላችሁ አለን። እንስማማ?

መልስ፦ አትስማሙ። ለጋሹ ለአረጋውያን ብሎ ከሰጠው ላይ ኮሚሽን መክፈል አብዛኛው ለጋሽ የማይቀበለው ወጪ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ስም ተሰጥቶት ይጻፋል፤ እዚያ ላይ ውሸት ተጀመረ ማለት ነው። ደግሞ ሰውየው ሰፈራችሁን አያውቅም። የሚጽፈው ለሌሎች የጻፈውን ነው።

ራሳችሁ ጻፉት። ቋንቋው ቢሰባበር ግድ የለም። ብዙ ማመልከቻ አንብቤያለሁ፤ «በወረዳው የሚገኙ አረጋውያንን ሁለንተናዊ ደኅንነት በዘላቂነት ማረጋገጥ» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግረኝም። ይልቅ እንዲህ ያለ ጻፉ፦ «በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ 23 አረጋውያን አሉ። ዘጠኙ ከአልጋ አይነሱም። አሁን ጎረቤት እየተፈራረቀ ያበላቸዋል፣ ገላቸውን የሚያጥባቸው ግን የለም። ስድስት ሴቶች በሳምንት ሁለቴ ሄደው ሊያጥቧቸው ፈቃደኛ ሆነዋል፤ የጎደለን ሳሙና፣ ጓንት፣ አንሶላና የአንድ ነርስ የአምስት ቀን ስልጠና ነው።» ይህን ያነበበ ሰው ገንዘቡ የት እንደሚገባ ይታየዋል። እነዚህን ቁጥሮች ለማግኘት ደግሞ አማካሪ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ይዞ ቤት ለቤት መዞር ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ከማን ጋር ይኖራሉ፣ ምን ይጎድላቸዋል፣ መድን አላቸው ወይ። ደብተሩ ግን እንደ ሰው ምስጢር ይያዝ፤ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አይተው።

በጀቱን ከገበያ ዋጋ ተነስታችሁ ሥሩት። ለጋሹ ይቀንሳል ብሎ አስፍቶ መጻፍ ብልጠት ይመስላል፣ ግን የሚያነበው ሰው የሳሙና ዋጋ ያውቃል። እናንተ የምታዋጡትንም አስገቡ፦ የእድሩ ድንኳንና ወንበር፣ ነፃ አዳራሽ፣ የበጎ ፈቃደኞቹ ሰዓት።

የት እንላክ ላላችሁ፣ በአዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ ኤምባሲዎች ለአነስተኛ የአካባቢ ሥራ የሚሰጡት ድጋፍ አለ። የካናዳ፣ የጃፓንና የአውስትራሊያ የታወቁ ናቸው። የጃፓኑ ብዙ ጊዜ ለግንባታና ለዕቃ ያደላል። ጥሪው ሲወጣ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው የተጠየቀ ወረቀት ጎድሎት ነው።

ጥያቄ፦ ይሄ 80/20 የሚባለው ነገር ምንድነው? የሹፌር አበል ከየትኛው ነው?

መልስ፦ አስተዳደራዊ ወጪያችሁ ከጠቅላላ ገቢያችሁ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም ማለት ነው። በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ጊዜ 70/30 ነበር፣ ግን በመመሪያ ብዙ ነገር አስተዳደራዊ እየተባለ ሥራው ታንቆ ነበር። በአሁኑ አዋጅ አስተዳደራዊ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘ፣ ድርጅቱ እንዲቆም ብቻ የሚወጣ ወጪ ነው፤ የጽሕፈት ቤት ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝና የመሳሰለው። አረጋውያኑን የምታይ ነርስ ትራንስፖርት የሥራው አካል ነው። ሹፌሩ ግን እሷን ሲያመላልስ አንድ፣ ሥራ አስኪያጁን ባንክ ሲያደርስ ሌላ ነው። ስለዚህ የጉዞ መዝገብ ያዙ።

ጥያቄ፦ ስልጠና በነፃ የት እናገኛለን?

መልስ፦ ከቅርብ ጀምሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሰፈራችሁን ቤት ሁሉ ያውቃሉ፤ በጤና ጣቢያው በኩል ጠይቋቸው። የመጀመሪያ ዕርዳታ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ያሠለጥናል፤ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፣ ቅርንጫፎቹም ብዙ ናቸው። ለሕግ ጉዳይ የዩኒቨርሲቲዎች የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። ለሒሳብ ደግሞ ከአባላት መካከል ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ፈልጉ፤ በሁለት ቅዳሜ የሚያስተምራችሁ ለሦስት ቀን ሆቴል ተቀምጣችሁ ከምትሰሙት ይበልጣል።

አበል ስላለው ብቻ ስልጠና አትሂዱ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ሁሌ ያው ሰብሳቢ ይሄዳል፣ ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ገላ የምታጥበዋ ሴት ግን በሽተኛን አልጋ ላይ እንዴት እንደሚያገላብጡ ማንም አላሳያትም። የሚሠራው ሰው ይሂድ፤ ሲመለስ ለሌሎቹ ያሳይ።

ጥያቄ፦ በጦርነቱ ተፈናቅለው ሰፈራችን የሰፈሩ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ አይተኙም፣ ይደነግጣሉ። እኛ ባለሙያ አይደለንም። ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ትችላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ መመሪያ ባለሙያ ላልሆነ ሰውም የተዘጋጀ ነው። ሦስት ነገር ይላል፦ እዩ፣ አዳምጡ፣ አገናኙ። ማን ይበልጥ እንደተጎዳና ምን በአስቸኳይ እንደሚያስፈልገው እዩ። መናገር የፈለገውን አዳምጡ። ከዚያ ከሚያስፈልገው ጋር አገናኙት፤ ከምግብ፣ ከመጠለያ፣ ከጠፋ ቤተሰብ፣ ከጤና ጣቢያ።

የደረሰበትን እንዲተርክ ግን አታስገድዱ። «ንገረኝ፣ ይቀልሃል» እያሉ መጎትጎት ይጎዳል። ዝም ብሎ አብሮ ቡና መጠጣትም አለ። «እግዜር ያውቃል፣ እርሳው» ብላችሁም አትቁረጡት። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ፣ ከእውነታው የወጣ፣ ወይም መብላትና መነሳት ያቆመ ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፣ እነሱም ወደሚመለከተው ሆስፒታል ይልኩታል። ጥቃት የደረሰባት ሴት የነገረቻችሁን ደግሞ ለኮሚቴው እንኳ አታውሩ። የት መታከምና ማመልከት እንደምትችል ንገሯት፤ የምትወስነው እሷ ናት።

የሚያዳምጡትንም አስቡ። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ በሳምንት አንዴ ተገናኝተው የከበዳቸውን ያውሩ። ዕረፍት እፈልጋለሁ ላለ ሰው ዕረፍት ስጡ።

ጥያቄ፦ በጎ ፈቃደኛ ይከፈለዋል?

መልስ፦ ደመወዝ አይደለም። ትራንስፖርትና ምሳ ግን ከኪሱ አታስወጡት፤ አለዚያ ድሃ ሰው በጎ ፈቃደኛ መሆን አይችልም።

ጥያቄ፦ ድጋፋችን ከአሜሪካ በሚመጣ ገንዘብ ነበር። ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ቆሟል። ሠራተኞቻችንን አሰናብተናል። እንዝጋ ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዝናለሁ። የዩኤስኤአይዲ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሲቆም ብዙ ድርጅት ጉድ ሆኗል፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ሥራችሁን ለሁለት ክፈሉት፤ ያለ ገንዘብ የሚቀጥለውና ያለ ገንዘብ የማይቀጥለው። መድኃኒት ከነበረ ያ የማይቀጥለው ነው፤ ታካሚዎቹን ስማቸውን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አስረክቡ፣ በስልክ ሳይሆን በአካል። የቤት ለቤት ጉብኝቱ ግን በፈቃደኞች ሊቀጥል ይችላል፣ ቢቀንስም።

ለገቢ ደግሞ፣ በቀድሞው ሕግ በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ እንዳያገኝ ታስሮ ነበር፤ ያ ቀርቷል። አሁን ያለው አዋጅ ድርጅቶች በገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሰማሩም ይፈቅዳል። ትርፉ ግን ለዓላማው ነው የሚውለው፤ ለአባላት አይከፋፈልም፤ ሒሳቡም ለብቻው ይያዛል፣ የንግድ ሕጉና ግብሩም ይመለከተዋል። ከመጀመራችሁ በፊት የሚሸጠውን ነገር የሚያውቅ ነጋዴ አማክሩ። ሠራተኛ ካልቀራችሁና አዳራሽ ካላችሁ እሱን በማከራየት ጀምሩ፤ ወፍጮ ወይም ዳቦ ቤት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሰብሳቢያችን ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ቼኩን ብቻቸውን ይፈርማሉ፤ ደረሰኝ ስንጠይቅ ይቆጣሉ። ታላቃችን ስለሆኑ እናፍራለን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ለብቻቸው አትግጠሟቸው፣ በሌሉበትም አትሟቸው። በስብሰባ ላይ የአሠራር ጉዳይ አድርጋችሁ አንሱት፦ «ጋሼ፣ ነገ እርስዎ ባይኖሩ ሥራው እንዳይቆም ፈራሚዎቹ ሦስት ይሁኑና ሁለቱ ይፈርሙ።» በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርም፣ ግልባጩ ለባንኩ ይሂድ። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሠራተኛው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አይሁኑ። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን፤ የተበላሸውም ተቀዶ አይጣል፣ «የተሰረዘ» ተብሎ ጥራዙ ላይ ይቅር። በየሦስት ወሩ ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት አባላት ጥራዙን ከባንክ መግለጫው ጋር ያመሳክሩ። ጋሼ ንጹሕ ከሆኑ ይሄ ስማቸውን ያስከብርላቸዋል። እንቢ ካሉም የጉባኤው ውሳኔ ስለሆነ ጉባኤው ይጠይቃቸዋል።