ውሳኔውን ለበቅሎዋ አትተዪላት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፣ በቁምስናችን እሁድ እሁድ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። አሁን ግን ጸሎቴ ሁሉ ደርቋል። መቁጠሪያ እይዛለሁ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። ማስተማሩንም ልተወው እላለሁ። ጓደኛዬ «ዓይንሽን ጨፍነሽ መጽሐፍ ቅዱስ ግለጪ፣ ጣትሽ ያረፈበት ጥቅስ መልስሽ ነው» አለችኝ። ሞከርኩት፤ አንዴ የሚያበረታታ፣ አንዴ የሚያስደነግጥ ይወጣል። የእግዚአብሔርን ፈቃድ በምን ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጓደኛሽ ምክር ልጀምር። ይህንኑ የመሰለ ነገር የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም አድርጎታል፣ ያውም በበቅሎ። እ.ኤ.አ. በ1522 ስፔን ውስጥ ወዳለው የሞንሴራት ገዳም ሲጓዝ ከአንድ ሙስሊም መንገደኛ ጋር ስለ እመቤታችን ድንግልና ተከራከሩ። ሰውየው ቀድሞት ሄደ። የኢግናጥዮስ ደም ፈላ፤ ተከትዬ በጩቤ ልውጋው ወይስ ልተወው እያለ ሲያወላውል ቆየና መወሰን ሲያቅተው ልጓሙን ለቀቀ፤ በቅሎዋ ሰውየው የሄደበትን መንገድ ከያዘች ሊወጋው፣ ሌላውን ከያዘች ሊተወው። ደግነቱ ሌላውን ያዘች። ታሪኩን በኋላ ዘመኑ ራሱ ነው የተናገረው። እንግዲህ የመንፈሳዊ አስተውሎት፣ ማለትም የትኛው ሐሳብ ከእግዚአብሔር እንደሆነ የመለየት፣ መምህር የምንለው ሰው ሲጀምር እንዲህ ነበር። ዓይን ጨፍኖ መጽሐፍ መግለጥም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቃሉን አንብቢ፣ አሰላስዪው፣ ግን ዕጣ መጣያ አታድርጊው።

ኢግናጥዮስ በኋላ ያስተማረው ሌላውን መንገድ ነው። መነሻው ከበቅሎዋ ነገር በፊት ነው፤ በ1521 ፓምፕሎና በተባለች የስፔን ከተማ በውጊያ ላይ የመድፍ ጥይት እግሩን ሰብሮት አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ ሁለት ዓይነት ሐሳብ ይፈራረቅበት ነበር። አንዱ የአንዲት ትልቅ እመቤት ልብ ስለማሸነፍና ስለ ጀግንነት፣ ሌላው እንደ ቅዱሳን ስለመኖር። ሲያስባቸው ሁለቱም ደስ ይሉታል። ልዩነቱ የመጣው ካለፉ በኋላ ነው፦ የመጀመሪያው ባዶና ደረቅ አድርጎት ይሄዳል፣ ሁለተኛው ግን ካለፈም በኋላ ደስታው አብሮት ይቆያል። ስለዚህ ሐሳቡ ሲመጣ ምን ያህል ደስ አለሽ ብቻ ሳይሆን፣ ሲሄድ ምን ትቶልሽ ሄደ ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ድርቀትሽ። የኢግናጥዮስ ምክር እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነው፦ በድርቀት ጊዜ ቀድሞ የወሰንሽውን አትቀይሪ። «ልተወው» የሚለው ሐሳብ የመጣው ደህና ሳለሽ ነው ወይስ ከደረቀብሽ በኋላ? ከጻፍሽው እንደሚገባኝ ከደረቀብሽ በኋላ ነው፤ እንግዲያው ለጊዜው አትስሚው። ምክንያቱንም ፈልጊ። አንዳንዴ ጸሎትን ችላ ስላልን ይደርቃል፣ አንዳንዴ ፈተና ነው፣ አንዳንዴም መጽናናት በራሳችን ጥረት የምናመጣው ሳይሆን ስጦታ መሆኑን እንድናውቅ ነው። አሥር ደቂቃ ለመጸለይ አስበሽ በአምስተኛው ልነሣ ካሰኘሽ፣ አሥሩን ጨርሺና ትንሽ ጨምሪበት። ነገር ግን ድካም ከሆነ ተኚ! ኢግናጥዮስ ራሱ ማንሬሳ በምትባል የስፔን ከተማ እያለ ጣፋጭ መንፈሳዊ ስሜት እየመጣ እንቅልፉን ሲነሣው፣ ለእንቅልፍ በተመደበው ሰዓት መተኛት ይሻላል ብሎ ወስኗል። ከጸሎቱ አልፎ ምግቡም፣ ሥራውም፣ ሰውም ሁሉ ካስጠላሽ ደግሞ ሐኪም ማየት አለብሽ፣ እሱን በጸሎት ብቻ አትያዢው።

ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ያህል ቀኑን ከእግዚአብሔር ጋር ከልሺው። አመስግኚ፣ ብርሃን ለምኚ፣ የቱ ጋ ልብሽ እንደተከፈተ፣ የቱ ጋ እንደተዘጋ እዪ፣ ይቅርታ ጠይቂ፣ ስለ ነገው ለምኚ። እሁድ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የተሰማሽንም በአንድ መስመር ጻፊው። ከመሄድሽ በፊት መታከት፣ ስትመለሺ ሰላም ከሆነ እሱ ራሱ አንድ ነገር ይነግርሻል። በነገራችን ላይ ማስተማርም ማቆምም በራሳቸው ኃጢአት አይደሉም። ለዚህ ነው አስተውሎት የሚያስፈልገው፤ ኃጢአት ከሆነማ መልሱ የታወቀ ነው፣ ምን ይመረመራል?

ደግሞ ብቻሽን አትያዢው። ጠላት እንደ አታላይ አፍቃሪ ነው ይላል ኢግናጥዮስ፣ ነገሩ በምስጢር እንዲቆይ ይፈልጋል። አንድ የሚያዳምጥሽ ካህን ወይም መነኩሲት ፈልጊ። ኑዛዜ ብቻ አይበቃም፣ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። «እግዚአብሔር ነግሮኛል፣ እንዲህ አድርጊ» እያለ የሚወስንልሽ ሰው ካጋጠመሽ ግን እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ።

እስከ ትምህርቱ ማብቂያ ለልጆቹ ቃል ከገባሽ እስከዚያው ቀጥዪ። ልብሽ ሲረጋጋ እንደገና አስቢበት። ያኔም «ልተው» የሚለው ሐሳብ በሰላም ከመጣ፣ ለቁምስናሽ ካህን በጊዜ ንገሪያቸው፣ ተተኪ እንዲፈልጉ።