«ካልተጮኸ ኪችን አይሠራም» ለሚል ሼፍ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው በምግብ ዝግጅት ደረጃ 3 ጨርሶ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፎ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ በረዳት አብሳይነት ተቀጥሯል፤ አራተኛ ወሩን ይዟል። ዋናው ሼፍ ምሳ ሰዓት ላይ ይሳደባል፣ አንዳንዴም ሳህን ይወረውራል። ሲጠየቅ መልሱ «ጎርደን ራምዚም እንዲህ ነው፤ ካልተጮኸ ኪችን አይሠራም» ነው። «እውነቱን ነው? ታግሼ ልማር ወይስ ልልቀቅ?» ይላል ጠያቂያችን።

ወንድማችን፣ ኪችን ውስጥ ድምፅ ከፍ ማድረግ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰውን ማዋረድ የግድ የሚሆንበት ጊዜ ግን የለም። ሼፍህ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል።

መጀመሪያ በቴሌቪዥን በቁጣው ስለሚታወቀው ብሪታኒያዊ ሼፍ ስለ ራምዚ። ሰውየው ሙያውን ያገኘው በስድብ አይደለም። ለንደን ታዋቂዎቹ ሼፎች ማርኮ ፒየር ኋይትና አልበርት ሩ ዘንድ፣ ፓሪስ ደግሞ ጊ ሳቮይና ጆኤል ሮቡሾን ዘንድ ሠርቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ውስጥ የራሱን ምግብ ቤት የከፈተው፤ በ2001 ሦስተኛውን የሚሽለን ኮከብ፣ ማለትም ለምግብ ቤቶች የሚሰጠውን ከፍተኛውን የጥራት ደረጃ፣ አገኘ። የሚሽለን መርማሪዎች ማንነታቸውን ደብቀው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይገቡና የጥሬ ዕቃውን ጥራት፣ የአበሳሰሉን ብቃት፣ ምግቡ ዛሬም ነገም ያው ሆኖ መገኘቱን ይመዝናሉ። ለጩኸት የሚሰጥ ነጥብ የለም። አንተና ሼፍህ የምታዩት እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የጀመረውን የቴሌቪዥን የውድድር ፕሮግራም ይሆናል፤ ረጅም ቀረጻ ተቆራርጦ ግጭቱ ተመርጦ የሚታይበት ነው። በ2013 ልጆች ሲወዳደሩ የዳኘውን ደግሞ ተመልከት፦ ሰውየው ያው ነው፣ ምግቡም ይበላሻል፣ ግን ጎንበስ ብሎ በቀስታ ያስረዳል። ቁጣውን ሲፈልግ የሚያወጣ፣ ሲፈልግ የሚይዝ ሰው «ሥራው ነው የሚያስቆጣኝ» ቢል አያሳምንም። ሼፍህንም በዚሁ መዝነው። ባለቤቱ ኪችን ሲገባ ድምፁ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ መቆጣጠር ይችላል ማለት ነው።

ደግሞ ነገሩ የሙያው ወግ ነው እንዳይሉህ፤ በትልልቅ ሆቴሎች የምታውቀውን የኪችን ሥራ ክፍፍል በመልክ በመልኩ ያደራጀው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ በኪችኑ ስድብንም መጠጥንም የከለከለ ሰው ነበር። ምግብ ቤቱ ሁለት የሚሽለን ኮከብ የነበረው የዴንማርኩ ሼፍ ሬኔ ሬድዜፒም ሠራተኞቹን ያስጨንቅ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ራሱ ጽፎ እንደ ጥፋት አምኗል።

ታዲያ መጮህ መቼ ተገቢ ነው? እርጥብ ጭልፋ ወደ ጋለ ዘይት ሲጠጋ፣ ጋዝ ሲሸት፣ ሰው ቢላ ይዞ ከኋላህ ሲያልፍ፣ ጥሬ ዶሮ የተቆረጠበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ ልትከትፍ ስትል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የፍስክ ጭልፋ የጾም ሽሮ ውስጥ ሊገባ ሲል፤ ይሄኛው ማንንም ባያሳምምም፣ የደንበኛን እምነት የሚነካ ስለሆነ ሼፍ ቢጮህ አንፈርድበትም። የእንዲህ ያለ ጩኸት ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ሁለት ቃል ነው፣ ስለ ዕቃው ወይም ስለ ምግቡ ነው፣ አደጋው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። «ጭልፋውን! አቁም!» ትምህርት አለው። «አንተ ደንቆሮ» ግን ምን እንደምታስተካክል አይነግርህም።

ስድብ በዋናነት የሚጎዳው የሠራተኛውን ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አንዳንዱ ሰው «ቻለው» ይልህ ነበር። የባሰው ጉዳት ምግቡ ላይ ነው። የፈራ ሠራተኛ ስህተት ይደብቃል። የዶሮው ውስጥ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ መሀሉ ገና ሮዝ መሆኑን ያየ ልጅ «ዘግይቷል» ተብሎ ከሚሰደብ ዝም ብሎ ያወጣዋል። ፍሪጁ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሞቆ ማደሩን ያወቀ ሰው አይናገርም። ዓሣው ከ5 ዲግሪ በላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ ሼፉ ሳያውቅ ለገበታ ይቀርባል። ጥሬ ዓሣ በዳጣ በሚበላባት ሐዋሳ ይሄ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወዳንተ እንምጣ። የሼፎች ቁጣ ብዙውን ጊዜ የሚፈነዳው ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ሲመረመርም ሥሩ ቅድመ ዝግጅት ላይ ይገኛል። የወርክሾፕ ቡፌና የአላካርት (ከሜኑ ተመርጦ የሚታዘዝ) ምሳ አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ሦስት አስተናጋጅ በቃል ያዛል፤ ሽንኩርት አልቋል፤ ዓሣው ገና በረዶ ነው። ይሄ በአብዛኛው የሼፉ የአደረጃጀት ጉድለት ነው። ያንተ ድርሻ የሆነውን ግን ዛሬውኑ መዝጋት ትችላለህ። ማታ ከመውጣትህ በፊት ለነገ የሚያስፈልገውን በመጠን ጻፍ፦ ስንት ዓሣ ይጸዳል፣ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ምን ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይወርዳል። የቀዘቀዘ ዓሣ ፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን ይቅለጥ እንጂ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ አይሰጣ። ከመጥበስህ በፊት በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፤ ውኃ ያለበት ዓሣ ዘይቱን ያፈናጥራል፣ ቆዳውም አይደርቅም። ዘይቱ ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ይድረስ፤ መለኪያ ከሌለ ትንሽ የዳቦ ቁራሽ ጣል አድርግ፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። አንዴ ሁለት ሦስት ዓሣ ብቻ አስገባ። ስድስት ብትጨምርበት ሙቀቱ ይወርዳል፣ ዓሣው ዘይት ይጠጣል፣ ሳህኑ ከደንበኛ ይመለሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለህ።

አነጋገርህም ለውጥ ያመጣል። ትዕዛዝ ሲጠራ «እሺ ሼፍ» ብቻ አትበል፤ መልሰህ ጥራው፦ «ሁለት ኮተሌት፣ አንድ ጉላሽ፣ ሰምቻለሁ»። «የት ደረሰ?» ሲልህ «እየመጣ ነው» ሳይሆን «አራት ደቂቃ» በል። ሩዙ ካረረ ሳይጠይቅህ ተናገር፣ መፍትሔውንም ጨምር፦ «ሩዙ አርሯል፣ አዲሱ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፣ እስከዚያ በድንች ልተካ?» ሥራውን የሚያውቅ ሼፍ እዚህ ላይ ድምፁ ይለወጣል። ካልተለወጠ ደግሞ እሱም አንድ መረጃ ነው።

ለሁለት ሳምንት ትንሽ ማስታወሻ ያዝ። ቁጣው በመጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምክንያቱን፣ የተናገረውን ቃል፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን አሠራር ማሳየት አለማሳየቱን ጻፍ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ የሚቆጣ፣ ስለ ሳህኑ የሚናገር፣ 9 ሰዓት ላይ ጠርቶ የሚያሳይህ ከሆነ፣ ቢያንስ ሥራ ልምድህ አንድ ዓመት እስኪሞላ ቆይ እንላለን፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ብዙ ይቀሰማል። ስድቡ ባዶ ሰዓት ላይም ካለ፣ ቤተሰብህንና ብሔርህን የሚነካ ከሆነ፣ ትክክለኛውንም አሳይቶህ ካላወቀ ግን ምንም እየተማርክ አይደለም። ትዕግሥት እዚያ አይከፈልበትም።

ከመወሰንህ በፊት አንድ ጊዜ አነጋግረው። ምሳ አልፎ ኪችኑ ሲጸዳ፣ ብቻውን ሲሆን፣ እንዲህ በለው፦ «ሼፍ፣ ትናንት የተመለሰው ዓሣ የኔ ጥፋት ነው፤ ዘይቱ ሳይግል ነው ያስገባሁት። ስህተቴን በምግቡ ቢነግሩኝ ቶሎ አርማለሁ። ሲሰድቡኝ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ስህተቱም ይብሳል።» በሰው ፊት አትናገረው፤ ያኔ የሚያስበው ስለ ክብሩ እንጂ ስላልከው አይሆንም።

የሳህን ውርወራው ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። ሰው ላይ ከተወረወረ ወይም ከተመታህ በዚያው ቀን ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ አመልክት፣ መድረሱን የሚያሳይ ግልባጭም ያዝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አሠሪው በሠራተኛው ላይ ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ 15 የሥራ ቀን በኋላ ይቀራል። ብዙ ልጆች «እስቲ ደሞዝ ይግባ» እያሉ የሚያሳልፉት ይሄንን ነው። የተሰበረ ሳህን ዋጋም ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ፣ ወይም አንተ በጽሑፍ ካልተስማማህ ከደሞዝህ አይቆረጥም።

በተለመደው መንገድ ከሆነ የምትለቀው፣ የሙከራ ጊዜህ ማለትም 60ው የሥራ ቀን አልፏልና የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጥ፤ በሁለት ቅጂ አድርገህ አንዱ ላይ ተቀባዩን አስፈርም። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ከተማው ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ግን አትውጣ፤ የሐዋሳ ሼፎች ይተዋወቃሉ፣ ቀጣዩ ቀጣሪህ ስልክ መደወሉ አይቀርም። የአገልግሎት የምስክር ወረቀት ሲሰጡህ የሥራህ ዓይነት፣ የቆየህበት ጊዜና ደሞዝህ መጻፉን አረጋግጥ፤ በነፃ ሊሰጡህ ግዴታቸው ነው፣ ከሼፉ ጋር መጣላትህ አያስከለክልህም።

ቀጣዩን ቦታ ደግሞ በደሞዝ ብቻ አትምረጥ። ከመፈረምህ በፊት አንድ የምሳ ሰዓት በሙከራ እንድትሠራ ጠይቅና ዓይንህን ክፈት፦ ትዕዛዝ በወረቀት ተሰቅሎ አንድ ሰው ይጠራዋል ወይስ ሁሉም አስተናጋጅ በመስኮት ይጮሃል? ፍሪጅ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ቀን ተጽፎባቸዋል? ዕቃ አጣቢዋን በስሟ ይጠሯታል? ምሳ ሲያልቅም አንዱን አብሳይ ለብቻ አግኝተህ፣ ካንተ በፊት በቦታው የነበረው ልጅ ስንት ወር ቆይቶ ለምን እንደለቀቀ ጠይቀው።